ሲሙ በማን ስም ነው?

ጥያቄው የመጣው ከመንዝ ነው። የጻፈችው መሐል ሜዳ አቅራቢያ ያለ የሱፍ ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ናት። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ማኅበራችን 41 አባል አለው። 33ቱ ፈታይ ሴቶች፣ 8ቱ ሸማኔ ወንዶች ናቸው። ባና፣ ዝተትና ስጋጃ (የሱፍ ብርድ ልብስና ምንጣፍ) እንሠራለን። አንድ ፕሮጀክት መጥቶ ከመስከረም ጀምሮ ክፍያ ሁሉ በቴሌብር ብቻ ይሁን፣ ዕቃውንም በቴሌግራም ሽጡ አለን። ከሴቶቹ ስልክ ያላቸው 19 ናቸው፤ አብዛኛው የቁልፍ ስልክ ነው፣ ሲሙም በባል ወይ በልጅ ስም ነው የወጣው። አንዷ ዓይነ ስውር ናት። አምስቱ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው። ሊቀመንበራችን ለሁሉም ስማርት ስልክ በብድር እንግዛ፣ ፍትሐዊ የሚሆነው ያኔ ነው ይላል። ልክ ነው? ደላላስ በዚህ ይጠፋል? የቻናሉን ፓስዎርድ እኔ ብይዘው ችግር አለው?»

ስልኩን አትግዙ። ሊቀመንበሩ ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም እኩል ይሁን ነው ያለው። ግን ሠላሳ ሦስት ሴት ላይ የስልክ ዕዳ ጭናችሁ ሲሙ በባል ስም ከቀጠለ ዕዳው የሷ፣ ብሩ የሌላ ሰው ይሆናል። እኔ እንዲህ ያለ ማኅበር ሲገጥመኝ ስልኩ ምን ዓይነት ነው ብዬ አልጠይቅም። ገንዘቡ በማን ስም ይገባል? ፒኑን ማን ያውቀዋል? ዕቃው ስንት እንደተሸጠ ማን ይሰማል? እነዚህን ነው የምጠይቀው።

አንድ የተምታታ ነገር ላጥራ። ፕሮጀክቱ «ዲጂታል» ብሎ ያመጣላችሁ ነገር ሦስት ነው፤ እንደ አንድ አትዩት። ክፍያ አለ፣ ሽያጭ አለ፣ የሂሳብ መዝገብ አለ። የሚፈልጉት ዕቃም ለየቅል ነው። ክፍያ ለመቀበል የቁልፍ ስልክ ይበቃል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ጀምሯል፤ *127# ብሎ ለደወለ ሰው ያለ ዳታ ይሠራል። ሽያጩ ስማርት ስልክ ይፈልጋል፣ ግን ለማኅበሩ አንድ ቢበዛ ሁለት ነው የሚያስፈልገው። ፎቶ የሚያነሳውና ለገዢ የሚመልሰው አርባ አንድ ሰው አይደለማ! መዝገቡ ደግሞ ለጊዜው ደብተር ይሁን። ደብተር ላይ ያልጠራ ሂሳብ ስልክ ላይ አይጠራም፤ እንዲያውም የሚያየው ሰው ይቀንሳል።

አሁን ወደ ሲሙ ልምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን ላይ ለገበያ ሴቶች የክፍያ ሥልጠና እሰጥ ነበር። አንዲት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ስልክ አወጡ። ስልኳ ጀርባ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ ፒኑ ተጽፏል። «እማማ፣ ይሄ እኮ አይጻፍም» አልኳቸው። «ወኪሉ ሲጠይቀኝ እንዳልረሳው ነው ልጄ» አሉኝ። ለካ ብር ለማውጣት በሄዱ ቁጥር ስልኩን ከነፒኑ ለወኪሉ ይሰጡታል፤ እሱ ነክቶ ነክቶ ብሩን ይቆጥርላቸዋል። ስንት እንደነበራቸውና ስንት እንደቀረ የሚያውቀው እሱ ነው። ሰውየው ሌባ ነው አላልኩም። ግን ሌባ ቢሆን ኖሮ እማማ የሚያውቁበት አንድም መንገድ አልነበረም።

የባሰው ሌላ ነው። ሲሙ የወጣው በልጃቸው ስም ነበር፤ ልጃቸው አረብ አገር ናት። ከወራት በኋላ ስልኩ ውኃ ገብቶበት ሲሙ ተበላሸ። ምትክ ሲም የሚወስደው የተመዘገበበት ሰው ነው። ሕጉ ልክ ነው፤ ባይሆን ማንም ተነስቶ የማንንም ሲም ያወጣ ነበር። ብቻ የእማማ የበግ ሽያጭ ብር ውስጥ ቀረ። ልጅቱ እስክትመጣ ተጠበቀ።

ይሄ ለናንተ 19 ሴቶች የነገ ታሪክ ነው። በባል ስም ያለ ሲም ላይ የሚገባ የፈትል ዋጋ በሕግ ዓይን የሴትየዋ ነው ብሎ ለማስረዳት ሽማግሌ መሰብሰብ ይጠይቃል። ትዳሩ ሰላም ሲሆን አይታይም። ሲጋጩ፣ ሲፋቱ ወይ ባል ሲሞት ነው የሚታየው። ያኔ ደግሞ ለባል ወገን «ብሩ ያንቺ አይደለም» ማለት ይቀላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መታወቂያና ሲም ነው። የቀበሌ መታወቂያ የሌላት ሴት ታውጣ። ከዚያ ሲም በራሷ ስም ታውጣ፤ ቀፎው የልጅ ወይ የባል ቢሆንም ግድ የለም፣ ሁለት ሲም የሚይዝ ቀፎ በየቤቱ አለ። ሲሙ የሷ ይሁን እንጂ ቀፎውን ትዋሰው። ቀጥሎ ፋይዳ። በአዋጅ 1284/2015 የቆመው ዲጂታል መታወቂያ ማለቴ ነው፤ ባንኮች አዲስ ሂሳብ ሲከፍቱ እየጠየቁት ነው። ምዝገባው በነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ «የካርድ ማሳተሚያ ነው ወይስ የምዝገባ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የካርድ ኅትመት ሌላ ነው፣ ይከፈልበታል።

ፋይዳ ላይ ሁለት ጉዳይ ልብ በሉ። ባለ 12 አኃዙ ቁጥር በአጭር መልእክት ነው የሚመጣው። ሲመዘገቡ የባልን ስልክ ካስያዙ ቁጥሩም ማረጋገጫ ኮዱም ለባል ይሄዳል። ቀድመው የተመዘገቡ ካሉ ስልካቸውን ያስቀይሩ። ሌላው አሻራ ነው። ዕድሜ ልኩን እንዝርት ያሾረ፣ አረም የነቀለና ውኃ የቀዳ ጣት መስመሩ ይጠፋል። ማሽኑ «አልያዘም» ይላል፣ ሴትየዋም ተዋርዳ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ምዝገባው ከአሻራ ሌላ የዓይን ብሌንና የፊት ፎቶም ይወስዳል። አሻራዋ ስላልያዘ የተመለሰች ካለች አንቺ ራስሽ ይዘሻት ሂጂ፤ ምን አማራጭ እንዳለ እዚያው ጠይቂ። ብቻዋን ስትሄድ «ነገ ነይ» የምትባል ሴት ጸሐፊ ይዛ ስትሄድ ዛሬ ታልፋለች። ደስ አይልም፣ ግን የኛ ቢሮ እንዲህ ነው።

ስታመቻቺ ደግሞ የሁሉንም መታወቂያ በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ አታጠራቅሚ። ሥራ ያቀልልኛል ብለሽ ነው፣ ይገባኛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰው መረጃ የሚሰበስብ አካል ግዴታ አለበት፤ አዋጁን ብንተወው እንኳ፣ ያ ስልክ የጠፋ ቀን የሠላሳ ሦስት ሴት መታወቂያ ነው የጠፋው።

ፒን ላይ ለእናቶቹ የምነግረው እንዲህ ነው፦ ፒን ማለት የሙዳዩ ቁልፍ ነው፣ ለወኪል፣ ለጸሐፊ፣ ለልጅም አይሰጥም። ፊደል አልቆጠርኩም የምትል ሴት ቁጥር ግን ታውቃለች። ብር ስትቆጥር የኖረች ሴት እኮ ናት! ሥልጠናውን በፊደል ሳይሆን በቁጥር ቅደም ተከተል ስጡ፦ መጀመሪያ ይሄን ንኪ፣ ቀጥለሽ ያን። ሜኑው አልፎ አልፎ ስለሚቀየር በየሁለት ሦስት ወሩ አብራችሁ ሞክሩት። መጀመሪያ ሌላ ነገር ሳይሆን ቀሪ ሂሳብ ማየት ይማሩ። ቀሪዋን ራሷ ማየት የቻለች ሴት ሌላውን ቀስ ብላ ትደርስበታለች።

ወደ ደላላው። «ዲጂታል ሲሆን ደላላ ይጠፋል» ያላችሁ ሰው ወይ አልሠራበትም ወይ ሊሸጥላችሁ የፈለገው ነገር አለ። ደላላው መልኩን ነው የሚቀይረው። ትናንት ደላላው ገበያ ላይ ቆሞ ነበር፤ የአዲስ አበባን ዋጋ እሱ ያውቃል፣ እናንተ አታውቁም። ነገ ደግሞ ቻናሉን የያዘው ልጅ ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም። ልዩነቱ የነገው ደላላ የማኅበራችሁ አባል ወይ የሊቀመንበሩ የወንድም ልጅ መሆኑ ብቻ ነው።

እናንተ ዘንድ ደግሞ የተለየ ነገር አለ። የመንዝ ሱፍ ሥራ ሁለት እጅ ነው፤ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ይሸምናል። በጉ ይሸለታል፣ ፀጉሩ ይታጠባል፣ ይበጠራል፣ በእንዝርት ይፈተላል። ይሄ ሁሉ የሴቷ ሳምንታት ነው። መጨረሻ ላይ ግን ፎቶ የሚነሳው ስጋጃው ነው። ገዢውም «ማን ሠራው?» ሲል የሚጠራለት ሸማኔው ነው። ፈትል በኪሎ ተመዝኖ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት አልቋል። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ልጥራ፦ ገበያ ላይ 4,000 ብር ይሸጥ የነበረ ስጋጃ በቴሌግራም 6,000 ቢሸጥና የፈትሉ የኪሎ ዋጋ እንደድሮው ቢቆይ፣ የጨመረችው 2,000 ብር የት ሄደች? ከመላኪያና ከዳታ የተረፈው ሁሉ መጨረሻ ላይ ዕቃውን የያዘው እጅ ላይ ቀረ። ማንም አልሰረቀም። ግን ሠላሳ ሦስቱ ሴቶች ዲጂታል የሚባለው ነገር ምን እንደጠቀማቸው ብትጠይቂያቸው ግራ ይገባቸዋል።

ስለዚህ ቻናሉ ከመከፈቱ በፊት አንድ ነገር ወስኑ፦ ከድሮው የገበያ ዋጋ በላይ የሚገኘው ብር ወጪ ተቀንሶ በፈታይና በሸማኔ መካከል እንዴት ይከፈላል? ግማሽ ለግማሽ ይሁን፣ በሥራ ቀን ይሁን፣ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ በሥራ ቀን ቢሆን እመርጣለሁ፤ ፈትል ቀን ይበላልና። ብቻ ይጻፍ። በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ይግባና ጠቅላላ ጉባኤ ያጽድቀው። የኅብረት ሥራ አዋጁ 985/2009 የአባላትን ስብሰባ ከሁሉ በላይ ያደረገው ለዚህ ነው። ገዢ መጥቶ ብር እጅ ላይ ሲገባ ስለ ክፍፍል መነጋገር ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ነው።

ዋጋውን ማን ይሰማል ላልኩት መልሱ አገራችሁ አለ። የመንዝ ገበሬ በጋራ የሚጠብቀው የጓሳ ሣር እስከዛሬ እንዴት ቆየ? ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ የማጨጃው ቀን ለሁሉም ይነገራል። ቀድሞ የሰማ ቀድሞ አያጭድም። የሽያጭ ዋጋም እንደዚያ ይሁን። እያንዳንዱ ዕቃ ስንት እንደተሸጠ በወር አንድ ቀን አባላት በተሰበሰቡበት በድምፅ ይነበብ። መካከል ላይ ለመስማት የምትፈልግ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ልትሰማ ትችላለች፤ የልጇ ስልክ ላይም ቢሆን። ደረሰኝ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ላላነበበ ሰው ምንም ማለት አይደለም።

ገንዘቡ የሚገባበት ሂሳብም ይለይ። አዲስ ማኅበር ሲጀምር ሁሌ የማየው ስህተት አለ፤ ገዢው በአንድ ልጅ የግል ቴሌብር ይልካል፣ ልጁ ደግሞ በጥሬ ብር ያከፋፍላል። ልጁ ታማኝ ሊሆን ይችላል። ግን ሌላም ነገር አለ። ቴሌብር ነሐሴ 2014 ከዳሸን ባንክ ጋር መላ፣ እንደኪሴና ሳንዱቅ የተባሉ የብድርና የቁጠባ አገልግሎቶች ጀምሯል። ብድሩ የሚታየው በሂሳቡ እንቅስቃሴ ነው። የአርባ አንድ ሰው ገንዘብ በልጁ ስልክ ካለፈ የብድር ታሪክ የሚያፈራው ልጁ ነው። ፈታይዋ ዓመቱን ሙሉ ሠርታ በሲስተሙ ዓይን አንድ ብር ያላንቀሳቀሰች ሴት ናት። መገለል ማለት ይሄም ጭምር ነው፤ ማንም ሳያባርርሽ ከመዝገብ መቅረት።

የሽያጩ ብር በማኅበሩ ስም ባለ የባንክ ሂሳብ ይግባ፣ የሚወጣው በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን፣ አንዷ ፈራሚ ከፈታዮቹ ትሁን። ከዚያ ለየአባሉ በየስሟ ይላክላት። እቁብ ላይ ዳኛና ጸሐፊ ለምን አንድ ሰው አይሆኑም? ብር የሚይዝና የሚጽፍ አንድ ከሆነ ወዳጅነት ስለሚበላሽ ነው። አያቶቻችን ይሄን ሲያውቁ ኦዲት የሚባል ቃል አልሰሙም ነበር።

ብድሩን ካነሳሁ አይቀር፦ መላ ሆነ ሌላ፣ በስልክ የሚገኝ ብድር ስለቀለለ ብቻ አይወሰድ። የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ ቀነ ገደብ አለው። በጉ እስኪሸለት፣ ስጋጃው እስኪሸጥ ወራት ይፈጃል። የወራት ሥራ በሳምንታት ብድር አይሠራም።

ፕሮጀክቱ «በቴሌብር ብቻ» ያለው ላይ ጠንከር ልበል። ቴሌብሩ ይሁን። «ብቻ» የምትለው ቃል ግን ትውጣ። በ2015 ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ ሲደረግ ነገሩ ቶሎ ተለመደ። መኪና ያለው ሰው ስልክ አለው፣ መታወቂያም አለው። የናንተ አባላት ሌላ ናቸው። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ ለወራትም ሳይመለስ ቆየ። እናንተ ከኔ በላይ ታስታውሱታላችሁ። ያኔ ኑሮው በቴሌግራም ላይ ብቻ የቆመ ነጋዴ ምን እንደሆነ አይተናል። *127# ያለ ዳታ መሥራቱ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው፣ እሱም የስልክ ኔትወርክ ካለ። የመሐል ሜዳን ገበያና የድሮ ደንበኞቻችሁን አትተዉ። ጥሬ ብር የምትፈልግ ሴት ጥሬ ብር ታግኝ፣ ሁለት ምስክር ባለበት ትፈርም ወይ በጣቷ ታትም። ቢያንስ ለሁለት ዓመት ሁለቱም መንገድ ክፍት ይሁን። በነዚህ ዓመታት ማን ከጥሬ ብር ወደ ስልክ እንደመጣ ቁጠሩ። ያልመጣችውን ለምን እንዳልመጣች ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ «አልገባኝም» አይደለም፤ «ወኪሉ ሩቅ ነው» ወይ «ወኪሉ ብር የለኝም ይለኛል» ነው። በዝርዝር ሲጠየቅ የሚፈታ ነገር አይጠፋም፤ ወኪሉ ብር እንዲይዝ የክፍያ ቀናችሁን ቀድማችሁ ንገሩት።

ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑትን አምስት እናቶች በግድ አታስተምሩ። የምትፈልግ ትማር። ያልፈለገችው የራሷን ሰው ትወክል፤ ልጅ፣ ምራት፣ ጎረቤት። ምርጫው የሷ ይሁን፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ስትፈልግ መሻር ትችል። ያለ ቃለ ጉባኤ የተሰጠ ውክልና ውሎ አድሮ የወካዩን ስም ያስረሳል።

ዓይነ ስውሯ አባል ዘንድ ግን ምክሬን እገለብጣለሁ። ማኅበሩ ለአንድ ሰው ስማርት ስልክ ከገዛ ለእሷ ይግዛ። የቁልፍ ስልክ 5 ቁጥሩ ላይ ጎላ ያለች ነጥብ አለችው፣ መደወል ትችላለች። ግን ሜኑው ሲመጣ ስክሪኑ ዝም ነው፤ አንድ ሰው ካላነበበላት ቀሪዋን አታውቅም። አንድሮይድ ስልኮች ላይ ቶክባክ የሚባል ስክሪን አንባቢ አለ፤ በነፃ ነው፣ ከስልኩ ጋር ነው የሚመጣው። አማርኛ የሚያነቡ የድምፅ መተግበሪያዎች አሉ፤ ኢስፒክ የተባለው አንዱ ነው። ድምፁ የቆርቆሮ ይመስላል፣ ግን ይለመዳል። ጣት ማንሸራተቱን ለመልመድ ጥቂት ሳምንት ያስፈልጋል፤ ሁለት ሰዓት አስተምራችሁ «አልቻለችም» እንዳትሉ። ማዳመጫ ይገዛላት፣ ቁጥሩን ሲያነብላት ሰው እንዳይሰማ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ተቀብላለች፤ ይሄ እንደ ችሮታ አይታይ። ለሠላሳ ሁለቱ ስልክ ሳይገዛ ለአንዷ ሲገዛ «አድልዎ ነው» የሚል ቢነሳ መልሱ ቀላል ነው፤ የቁልፍ ስልክ ላይ የሚመጣውን ቁጥር እነሱ ያዩታል፣ እሷ አታየውም።

ሽያጩን በሩጫ ልለፍ፣ ብዙ የሚጻፍበት አለና። ባና በፎቶ አይዳሰስም። ስለዚህ ርዝመቱን በሜትር፣ ክብደቱን በኪሎ ጻፉ፤ ቀለሙ የበጉ የራሱ ከሆነ በሉ፣ ከተነከረም በሉ። ፎቶው በቀን ብርሃን ይነሳ። ቀብድ ተቀበሉ። መላኪያው የገዢው እንደሆነ ከፊት ንገሩ፤ ስጋጃ ከባድ ነው፣ መንገዱም ሁሌ ክፍት አይደለም። የማድረሻ ቀን ቃል ስትገቡ ለዚህ ቦታ ተዉለት። ገዢ የላከው ስክሪንሹት ብር አይደለም፤ በሁለት ደቂቃ ይሠራል። ከባንኩ ወይ ከ127 (ከቴሌብር) መልእክት መጥቶ ቀሪ ሂሳቡ ከፍ ማለቱ ሳይታይ ዕቃው መናኸሪያ አይሂድ። «በስህተት ብር ልኬልሽ ነው፣ መልሺልኝ» ብሎ የሚደውል ሰው ይመጣል፤ ያለ ጥርጥር ይመጣል። መጀመሪያ ቀሪ ሂሳብ ይታይ፣ ብሩ እውነት ገብቶ ከሆነም በደንበኞች አገልግሎት በኩል ይመለስ።

አንድ ነገር ግን አያልፈኝም። የፈታዮቹን ፎቶና ቪዲዮ ቻናሉ ላይ ስትለጥፉ አስፈቅዱ። «ተፈቅዶልኛል» ለማለት ስብሰባ ላይ ዝም ማለታቸው አይበቃም። ለየብቻ ጠይቁ። ፎቶው አዲስ አበባም አሜሪካም እንደሚታይ ንገሯቸው። እምቢ ያለች ከሥራው እንዳትገፋ፤ እጇንና እንዝርቷን ብቻ ማንሳትም ይቻላል። ነገ ሐሳቧን ብትቀይር ፎቶው ከቻናሉ ይውረድ።

የማትችሉትንም ላስቀምጥ። ኔትወርክ የሚይዘው ኮረብታ ላይ ብቻ ከሆነ፣ መብራት በሳምንት ሁለት ቀን ከመጣ፣ ይሄን ማኅበሩ አይፈታውም። ለፕሮጀክቱ «ስልክ ከምትሰጡን የሶላር ቻርጀር ስጡን፣ ሥልጠናውም በገበያ ቀን ይሁን፣ ሴቶቹ ለሥልጠና ብለው ሌላ ጉዞ እንዳይወጡ» በሉት። ለወረዳው ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ሲምና ፋይዳ መዝጋቢዎች አንድ ቀን ቀበሌው ድረስ እንዲመጡ በማኅበሩ ማኅተም ደብዳቤ ጻፉ። ከመሐል ሜዳ ውጭ ያለች ሴት ለአንድ መታወቂያ ሁለት ቀን ሥራ ከምትፈታ፣ እነሱ አንድ ቀን ቢመጡ ይቀላል። ሴቶቹን በስም ዝርዝር፣ በቁጥር አስቀምጡ። «ብዙ ሴቶች» የሚል ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ያድራል፤ «24 ሴቶች፣ እነ እገሊት» የሚል ደብዳቤ ግን መልስ ይጠይቃል።

እንግዲህ የምመክርሽ ይሄ ነው፤ ቅደም ተከተሉን አትቀይሪው። እስከ መስከረም መታወቂያ፣ ሲምና ፋይዳ በየስማቸው ያልቅ። እግረ መንገድ የዋጋ ክፍፍሉ በጉባኤ ይጽደቅ፣ የማኅበሩ የባንክ ሂሳብ ይከፈት። ቀሪ ማየትና ፒን መያዝ የተለማመዱት ሴቶች በቴሌብር ይጀምሩ፣ ሌሎቹ በጥሬ ብር ይቀጥሉ። ቻናሉ መጨረሻ ላይ ይከፈት። መስከረም ላይ ይሄ ሁሉ ካላለቀ ቻናሉ ጥር ይከፈት፤ የፕሮጀክቱ ሪፖርት ቢዘገይ የናንተ ጣጣ አይደለም።

የፓስዎርዱ ጥያቄ ቀረ። አዎ፣ ችግር አለው፣ በተለይ ለአንቺ። የቴሌግራም ቻናል የከፈተው ሰው ስልክ ቁጥር ላይ ነው የሚታሰረው። በግል ሲምሽ ከከፈትሽው ነገ አግብተሽ ደብረ ብርሃን ብትገቢ፣ ወይ ከሊቀመንበሩ ጋር ብትቀያየሚ፣ የማኅበሩ ደንበኞች አንቺ ኪስ ውስጥ ናቸው። ባትወስጃቸውም ወሰደች መባልሽ አይቀርም። በማኅበሩ ስም በወጣ ሲም ይከፈት። ሁለት አስተዳዳሪ ይኑረው፤ አንቺና ከፈታዮቹ አንዷ፣ ወይ ልጇ። የቴሌግራሙን የሁለተኛ ደረጃ መቆለፊያ (ከኮዱ በተጨማሪ ፓስዎርድ የሚጠይቀውን) አብሩት፤ ፓስዎርዱ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ፖስታ ውስጥ ታሽጎ፣ ገንዘብ ያዧ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ሲሙም ከቀፎው ሲወጣ እዚያው ይደር። ፖስታው ላይ የታሸገበትን ቀን ጻፉበት፤ ሰው በተቀየረ ቁጥር ፓስዎርዱም ይቀየር፣ አዲስ ፖስታም ይታሸግ።